ዝሆኔን ረሳችሁት

ስለ እግር እብጠት መንስኤዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ ብዙ መቆምን፣ እርግዝናን፣ ልብንና ኩላሊትን ዘርዝሯል፤ ጥሩ ነው። እኛ ጅማ አካባቢ የምናውቀውን ዝሆኔን ግን ጭራሽ አለማንሳቱ ገርሞኛል። ለዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ሲኬድ ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በቆዳ ገብተው የሊምፍ ቧንቧን (ትርፍ ፈሳሽን ከእግር የሚመልሰውን ቧንቧ) ይጎዳሉ። መጀመሪያ እግር ማታ ያብጥና ጠዋት ይጎድላል፤ እየቆየ ሲሄድ ግን ይደነድናል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እርግማን አይደለም፤ ይኸኛው ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እንዲያም ሆኖ ዘመድ የሚሸሸው፣ ትዳር የሚከለከል ሰው አለ (በዚህ ዘመን!)። በጊዜ የተያዘ እንደሆነ እግርን በየቀኑ በሳሙና አጥቦ፣ በጣቶች መሃል ሳይቀር አድርቆ፣ ቅባት ቀብቶ ካልሲና ጫማ ማድረግ እብጠቱን በደንብ ይቀንሰዋል።

አምሎዲፒን የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒትም ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ለሐኪም ንገሩ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ነፍሰ ጡር እህቶች፣ ፊትና እጅ አብጦ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከተጨመረ የቀጠሮ ቀን አይጠበቅም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ከአዲስ አበባ ጅማ እንደሚያመጣው ካለ ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ በኋላ አንድ እግር ብቻ በድንገት ቢያብጥና ባት ቢያም፣ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። እኛ አገር ወዲያው ወደ ወጌሻ ሮጦ ማሳሸት ይቀናናል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊዘጋ ስለሚችል አታሳሹት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።