የዲቪያ ዴሽሙክ ቅሬታ ዋንጫ መጠበቅ አልነበረበትም

እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 2025 የ19 ዓመቷ ህንዳዊት ዲቪያ ዴሽሙክ የሴቶችን የቼዝ ዓለም ዋንጫ አሸነፈች። ቦታው የጆርጂያዋ ባቱሚ ነበር። ጨዋታው እንዳለቀ እንባዋን መያዝ አቃታት። እናቷን አቅፋ ስታለቅስ የሚያሳየው ቪዲዮ ህንድን አዳረሰ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳይቀሩ እንኳን ደስ ያለሽ አሏት።

እኔ ያን ቀን ትዝ ያለኝ ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ የጻፈችው ነገር ነው። በጃንዋሪ 2024 ኔዘርላንድስ ውስጥ በታታ ስቲል ውድድር ተጫውታ ነበር። ውጤቷ ጥሩ አልነበረም። ሲያልቅ ኢንስታግራም ላይ የሆዷን ተናገረች። ሴት ስትጫወት ብዙ ተመልካች ሰሌዳውን እንደማያይ ጻፈች። የሚያየው ልብሷን፣ ፀጉሯን፣ የአነጋገር ዘዬዋን ነው። ወንዶቹ በጨዋታቸው ይመዘናሉ፤ ሴቶቹ ግን ከጨዋታው ጋር በማይገናኝ ነገር ሁሉ። ይህን ከ14 ዓመቷ ጀምሮ ስትችለው እንደኖረችም ተናገረች።

እንዲህ ያለ ቅሬታ ሲነሳ ሁሌም የሚከተል መልስ አለ። «መጀመሪያ አሸንፊ፣ ከዚያ ትናገሪያለሽ።» እሺ፣ አሸነፈች። ታዲያ የጻፈችው ነገር እውነት የሆነው ካሸነፈች በኋላ ነው? የ18 ዓመት ልጅ በተሸነፈችበት ሰሞን የተናገረችው ያኔውኑ ልክ ነበር። ዋንጫው የጨመረላት አድማጭ ብቻ ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ይኸው ነው።

ለነገሩ ዝም ብላም አልተቀመጠችም። ያን በጻፈችበት በዚያው በ2024 ጁን ወር ላይ የዓለም ወጣት ሴቶች ሻምፒዮን ሆነች። ሴፕቴምበር ላይ ቡዳፔስት በተካሄደው የቼዝ ኦሊምፒያድ የህንድ ሴቶች ቡድን ወርቅ ሲያገኝ ሦስተኛው ሰሌዳ ላይ የተቀመጠችው እሷ ነበረች። ከ11 ጨዋታ 9.5 ነጥብ ሰበሰበች። በግሏም ወርቅ ወሰደች።

ባቱሚ ስትገባ ግን ዋንጫውን ትወስዳለች ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም። በደረጃ 15ኛ ሆና ነው የገባችው። ቻይናዊቷን ዡ ጂነርን ጣለች። የአገሯን ልጅ ሃሪካ ድሮናቫሊን ጣለች። ግማሽ ፍጻሜ ላይ የቀድሞዋን የዓለም ሻምፒዮን ታን ዦንግዪን ጣለች። ፍጻሜው ላይ የጠበቀቻት ሌላዋ ህንዳዊት ኮኔሩ ሃምፒ ናት። የዚህ ታሪክ ግማሹ የሃምፒ ነው፤ ስለዚህ እሷ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሃምፒ የቼዝ ከፍተኛውን ማዕረግ ግራንድማስተርነትን ያገኘችው በ2002 ነው፣ ገና በ15 ዓመቷ። ያኔ በዚህ ዕድሜ ማዕረጉን ያገኘች ሴት በዓለም አልነበረችም። ዲቪያ የተወለደችው ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሃምፒ ልጅ ስትወልድ ከውድድር ርቃ ቆየች። ብዙ ሰው አበቃላት ሲል ተመልሳ በ2019 የዓለም የፈጣን ቼዝ ሻምፒዮን ሆነች። በ2024 ደገመችው። እንግዲህ በ38 ዓመቷ ፍጻሜ ላይ የተቀመጠችው፣ እሷ በከፈተችው በር ከገባች የ19 ዓመት ልጅ ፊት ነበር። ሁለቱ መደበኛ ጨዋታዎች በአቻ አለቁ። የመጀመሪያው የመለያ ጨዋታም አቻ። በሁለተኛው ሰዓት ሲያጥር ሃምፒ ተሳሳተች፣ ዲቪያ አልማረቻትም።

ከድሉ ጋር የግራንድማስተርነት ማዕረግ መጣ። ማዕረጉን ለማግኘት የተለመደው መንገድ ረጅም ነው። የተጫዋችነት ጥንካሬህን የሚለካው ነጥብ 2500 መድረስ አለበት። በጠንካራ ውድድሮች ላይ ደግሞ «ኖርም» የሚባለውን ከፍተኛ ውጤት ሦስት ጊዜ ማስመዝገብ ይጠበቅብሃል። ዲቪያ ባቱሚ ስትገባ አንድም ኖርም አልነበራትም። የዓለም ዋንጫ አሸናፊ ግን በደንቡ መሠረት ማዕረጉን በቀጥታ ያገኛል። ይህን አቋራጭ የሚለው ካለ ማንን ማንን አሸንፋ እንዳገኘችው መልሶ ይቁጠር።

አሁን ወደ አንድ ቁጥር ልምጣ። ዲቪያ የህንድ 88ኛዋ ግራንድማስተር ናት። ከእነዚህ 88 ሰዎች ውስጥ ሴቶቹ አራት ናቸው፤ ሃምፒ፣ ሃሪካ፣ ቫይሻሊ ራሜሽባቡ እና ዲቪያ። አራት! ያውም ቼዝ በዚህ ደረጃ በሚወደድበት አገር።

ሴቶች ለቼዝ አይሆኑም የሚለው ወሬ እዚህ ቁጥር ላይ መደገፍ ይወዳል። እኔ የምመለከተው መንገዱን ነው። ኖርም የሚገኘው ብዙ ጊዜ አውሮፓ ድረስ ተጉዞ ነው፣ ከወር ወር ከውድድር ውድድር። የ14 ዓመት ወንድ ልጅ ከአሠልጣኝና ከጓደኞቹ ጋር ይላካል። የ14 ዓመት ሴት ልጅ ስትሆን አንድ ወላጅ ሥራውን ትቶ አብሯት ይሄዳል። ቲኬቱ ሁለት፣ ሆቴሉም ለሁለት ሰው ይሆናል። የዲቪያ ወላጆች ናግፑር ከተማ የሚኖሩ ሐኪሞች ናቸው። ባቱሚም አብራት የነበረችው እናቷ ናት። አቅሙም ፍላጎቱም ስለነበራቸው እሰየው። አቅም የሌላት እናት ልጅስ? በዚህ ሁሉ ላይ አዳራሹ ስትገባ ስለ ልብሷ የሚወራ ከሆነ፣ አንዳንዷ ልጅ በ15 ዓመቷ ብትተወው ምን ይገርማል?

ዲቪያ ከዋንጫው በኋላ የመረጠችውን መንገድ የምወድላትም ለዚህ ነው። በ2025 ሴፕቴምበር ሳማርካንድ ላይ በተካሄደው ግራንድ ስዊስ በሚባለው ውድድር የሴቶቹን ምድብ ትታ ወንዶችም ሴቶችም በሚጫወቱበት ክፍት ምድብ ውስጥ ተጫወተች። የሴቶች ምድብ ለብዙዎች ገቢና መድረክ ነው፤ ይዘጋ የሚሉትን አልደግፍም። ነገር ግን ጠንካራው ጨዋታ ያለው ክፍቱ ውስጥ ነው። እዚያ የግብጹን ባሴም አሚንን፣ ለዓመታት የአፍሪካ ቁንጮ የነበረውን ግራንድማስተር፣ አሸነፈች።

ኖቬምበር ላይ ደግሞ ጎዋ ውስጥ በክፍቱ የዓለም ዋንጫ ተሰለፈች። ከ206 ተጫዋቾች መካከል ሴት እሷ ብቻ ነበረች። በመጀመሪያው ዙር በግሪካዊ ግራንድማስተር ሁለት ለባዶ ተሸንፋ ወጣች። ያማል፣ ግን ሽንፈት ነው፤ እዚያው ዙር ላይ የወደቁ ወንዶችም ብዙ ናቸው። የእነሱን ሽንፈት ማንም የወንዶች ድክመት አላለውም።

የውድድር አዘጋጆችና ፌዴሬሽኖች አሁኑኑ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች ተጫዋች ሲጋብዙ የአንድ አጃቢ ወጪ ይሸፍኑ። የቀጥታ ስርጭት ላይ ስለ ሴት ተጫዋቾች አለባበስና መልክ የሚጻፈውን አስተያየት ያጥፉ፣ ደጋግሞ የሚጽፈውን ያግዱ። ጠያቂዎቻቸውም ከጨዋታ በኋላ ማይክ ሲይዙ፣ ወንዱን እንደሚጠይቁት ሁሉ ሴቷንም የት ላይ እንዳሸነፈች፣ የት ላይ እንደሳተች ይጠይቋት።