«አለ?» አለኝ

«አለ?» አለኝ። «አለ» አልኩት። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ የለም።

ዛሬ ጠዋት ነው። ዓይኔን በደንብ ሳልገልጥ ስልኬ ጮኸና አነበብኩት። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርክ የለ። አልጋ እየሸጥኩ ነው፤ በሰው አገር፣ አገሬው ያገለገለ ዕቃ በሚገበያይበት አፕ ላይ። ከለጠፍኩት ሁለት ሳምንት ሆነው። በነዚህ ሁለት ሳምንታት 14 ሰው «አለ?» ብሎኛል፤ 14ቱም መልሴን አይተው ጠፍተዋል። ባይኖርማ ለምን ይለጠፋል ጎበዝ? አንዳንዱ አፕ ጭራሽ ጥያቄዋን ራሱ ጽፎ አዘጋጅቶላቸዋል፤ የሚቀረው አንዴ ነካ ማድረግ ነው። ሰው ስልኩን ኪሱ ሲከት ሁሉ ሳያውቀው የሚልካት ይመስለኛል።

እሺ፣ አልዋሽም፣ እኔም ብያለሁ። ይህንኑ አልጋ ስፈልግ በአንድ ምሽት ለሰባት ሰው «አለ?» ብዬ፣ አንዱ «አለ» ሲለኝ ስድስቱን እዚያው ረሳኋቸው። ግን እኔ ምክንያት ነበረኝ። መሬት ላይ ነበር የምተኛው።

መሬት ስል አባቴ የሚወዳት ተረት ትዝ አለችኝ፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ»። እኔም እወዳታለሁ። ግን የተረታት ሰው ባዶ ቤት ተከራይቶ ያደረ አይመስለኝም። ዞር ብዬ ሳይ እዚህ ቤት ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ የኔ የሆነው የጥርስ ብሩሼ ብቻ ነው። ጠረጴዛው የአንዲት ጡረተኛ ነበር። መብራቱ ከፍቅረኛዋ የተለያየች ልጅ (ራሷ ናት የነገረችኝ፣ እኔ አልጠየቅኩም)። ጠረጴዛውን ገልብጬ እግሩን ሳጠብቅ፣ ከሥሩ አንድ ሕፃን የለጠፋቸው ዳይኖሰሮች አገኘሁ። አምስት ናቸው። የአንዱ ጭንቅላት ተልጦ አንገቱ ብቻ ቀርቷል። ልልጣቸው ጥፍሬን አስገባሁና ተውኩት። አሁን እራት በበላሁ ቁጥር ጉልበቴ ይነካቸዋል። አያደምቅም ያለው ማነው? ለኔ ደምቆልኛል።

ደግሞ ሰው የማይገዛው ነገር የለም። ዛሬ ኢቤይ የምንለው ገበያ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲጀመር መጀመሪያ የተሸጠበት ዕቃ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ። በ14.83 ዶላር። መሥራቹ ፒየር ኦሚድያር ግራ ቢገባው «ዕቃው እንደማይሠራ አውቀሃል አይደል?» ብሎ ገዢውን ጠየቀው። ሰውየው የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነው የምሰበስበው አለ። ኦሚድያር ራሱ ከኢራናውያን ወላጆች ፓሪስ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ ሰው ነው። ላገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ የሆነ ሰው ገበያ ቢከፍት አይገርመኝም። ጎረቤት ሄዶ መዶሻ መዋስ የሚያፍር ሰው ሌላ ምን ያድርግ?

ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ የባሰው እሱ ነው። መጀመሪያ አካባቢ በራሴ ስብርባሪ ነበር የምጽፈው። «እኔ አልጋ መግዛት። ዛሬ መምጣት።» ይስቁብኛል፤ ግን ይመልሱልኛል። ኋላ ብልጥ ልሁን ብዬ በትርጉም አፕ መጻፍ ጀመርኩ። በአማርኛ «እርስዎ» ብዬ፣ «ባያስቸግርዎት» ብዬ፣ ጎንበስ ቀና ብዬ ጽፌ አስተረጉማለሁ። በዚያኛው ቋንቋ ምን ሆኖ እንደሚወጣ እንጃ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው ሁሉ መመለስ አቆመ። አንዷ ብቻ መለሰችልኝ። «አጭበርባሪ ነህ፣ ሪፖርት አድርጌሃለሁ» ብላ።

ለካ አጭበርባሪዎቹም እንደዚያ ነው የሚጽፉት። «ገንዘብዎን ለመቀበል ይህን ሊንክ ይጫኑ»። «ስልክዎ ላይ የደረሰውን ቁጥር ይላኩልን»። ቁጥሩን የላከ ሰው አካውንቱን ተሰናበተ ማለት ነው። አገሬው ቢያንስ ቋንቋው ሲወላገድ ይነቃል፤ እኔ በምን ልንቃ? ለኔ ሁሉም እኩል ወልጋዳ ነው። እናም የሚጠረጠረውም እኔ፣ የሚታለለውም እኔ።

ኮሪያ ውስጥ ዳንገን የሚባል አፕ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረ። ቃሉ ካሮት ማለት ነው፤ ደግሞ «አጠገብህ» እንደማለት ያለው የኮሪያኛ ሐረግ ሲያጥርም የሚወጣው እሱ ነው። እዚያ የሰው ጨዋነት እንደ ትኩሳት በዲግሪ ይለካል። ማንም ሲገባ 36.5 ላይ ይጀምራል፤ ሲመሰገን ይጨምራል፣ ሲያስቀይም ይወርዳል። ይህን ስሰማ ቀናሁ። ቢያንስ ሲጀምሩ በሕይወት ያለ ሰው ነህ ይሉሃል። እኔ ያለሁበት ላይ መነሻው ባዶ ነው። አስተያየት የሌለው ሰው አይሸጥለትም፣ ያልተሸጠለት ሰው አስተያየት አያገኝም። ስሜን ሲያዩ ደግሞ «ተይዟል» የሚሉ አሉ። እሺ ተይዟል። ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያው እዚያው አለ። በማግሥቱም አለ። በሳምንቱም አለ። ለሌላው አለ፣ ለኔ ግን የለም። ይኼኛው አያስቅም።

የያዝኩት ቂም ግን በነዚህ አይደለም። አልጋውን በሸጠልኝ ሰውዬ ነው። «ብሎኑ ሙሉ ነው?» ብዬ ጠይቄዋለሁ፤ «ሙሉ ነው» አለ። ብሎኖቹን በትንሽ ላስቲክ አድርጎ ራስጌው ላይ በፕላስተር ለጥፎልኛል። እንዴት ያለ ጥንቁቅ ሰው ነው አልኩ። ቤት ገብቼ ስፈታው ቀዳዳው ስምንት፣ ብሎኑ ሰባት። ደግሜ ቆጠርኩ። ላስቲኩን ገልብጬ አራገፍኩ። ጻፍኩለት፤ ብሎክ አድርጎኛል። ገዝተህ አትገጥምም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሄጃለሁ። ብሎን በነሱ ቋንቋ ምን እንደሚባል ስላላወቅኩ ለባለሱቁ በጣቴ እያሽከረከርኩ አስረዳሁት፤ የጠርሙስ መክፈቻ ይዞልኝ መጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ግትርነት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ግራ በተገላበጥኩ ቁጥር አልጋው ሲጢጥ ይላል፤ ሰውየውን አስታውሼ እረግመዋለሁ፣ ከዚያ እተኛለሁ።

ጆርጅ አኬርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች አንድ ጽሑፍ ጽፎ ነበር። ሻጩ የዕቃውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው ሁሉንም ይጠረጥራል፤ ሲጠረጥር ዋጋ ያወርዳል፤ ዋጋው ሲወርድ ደህና ዕቃ ያለው ሰው ትቶ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ሆነ። እኔ ይህንኑ በአንድ ብሎን ተማርኩት።

በዚህ እልክ ነው ማስታወቂያዬ ላይ «አንድ ብሎን ይጎድለዋል» ብዬ የጻፍኩት፤ የባዶውን ቀዳዳ ፎቶ ጨምሬ፣ ከቅርብ አንስቼ። 14ቱም ያን አይተው ይሆናል የጠፉት። ምን ላድርግ።

ይህን እየጻፍኩ የጠዋቱ ሰውዬ ተመለሰ። «አልጋውን አልፈልገውም» ይላል። «ሰባቱን ብሎን ብቻ ትሸጥልኛለህ?»

ላንተ ደግሞ ስንት ጎድሎህ ነው ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት። መልእክቱን እንዳየሁት አፑ ነግሮታል። እስካሁን አልመለስኩለትም።