ቺቸስተርን “የቤልፋስት መሥራች” ብሎ ማለፍ

በሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ በቤልፋስት መሃል፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጎን የሚነሳ “ቺቸስተር” የሚባል መንገድ አለ። ትልቁ ፍርድ ቤትም ያለው እዚያው ላይ ነው። ስሙ የአርተር ቺቸስተር መታሰቢያ ነው። ስለ ሰውየው ስትጠይቁ “የከተማዋ መሥራች” ይሏችኋል። ውሸት አይደለም። መሬቱ በ1603 (እ.ኤ.አ.) ለእሱ ተሰጠ፣ ቤልፋስት የከተማነት ቻርተሯን በ1613 ያገኘችውም በእሱ ዘመን ነው። ወሬው እዚያ ላይ ሲያበቃ ግን ያናድደኛል።

ቺቸስተር በ1563 እንግሊዝ ውስጥ ከዴቨን ባላባቶች ተወለደ። አየርላንድ ውስጥ ስሙ የገነነው በወታደርነት ነው። ወንድሙ ጆን በ1597 ካሪክፈርገስ ከተማ አጠገብ ማክዶኔል ከሚባለው የአካባቢው ጎሣ ጋር ሲዋጋ ሞተ፤ አንገቱን ቀሉት። ብዙም ሳይቆይ አርተር ራሱ የዚያችው ከተማ ገዥ ሆነ። ቂም አልያዘም የሚለኝ ካለ፣ እንጃ።

ያኔ የእንግሊዝ ጠላት በአየርላንድ ሰሜን ያመፀው የታይሮን መስፍን ሂዩ ኦኒል ነበር። በ1601 ቺቸስተር በጀልባ የሎክ ኔይን ሐይቅ ተሻግሮ ታይሮን ገባ። ስለ ዘመቻው ለአዛዡ ለማውንትጆይ የጻፈው ደብዳቤ ዛሬም አለ። እስከ ኦኒል መቀመጫ እስከ ዳንጋነን አፋፍ ድረስ ገደልን፣ አቃጠልን፣ ወንድ ሴት ሳንል ማንንም አልማርንም ይላል። ልክ የዕለት ሪፖርት እንደሚጽፍ ሰው፣ ምንም ሳይጨንቀው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰይፋችን የተባለውን ያህል ቶሎ አልሠራም፣ እነዚህን ሰዎች የሚጨርሳቸው ረሃብ ነው ብሎ ጻፈ። የሆነውም ይኸው ነው። አዝመራው ተቃጠለ፣ ከብቱ ተነዳ፣ የማውንትጆይ ጸሐፊ ራሱ ሳማ በልተው አፋቸው አረንጓዴ እንደሆነ መንገድ ዳር ስለሞቱ ሰዎች ጽፏል።

“በዘመኑ ሁሉም እንደዚያ ነበር” የሚል መልስ ይመጣል፣ አውቃለሁ። ግን ሰውየው አማራጭ መኖሩን ያውቅ ነበር። በ1605 የንጉሡ እንደራሴ ሆነ፣ በ1607 ኦኒልና ሌሎቹ መሳፍንት አገር ጥለው ሄዱ፣ የስድስት አውራጃ መሬት ተወረሰ። ያኔ መጀመሪያ ለአገሬው ሰው በቂ መሬት ይሰጥ፣ የተረፈው ከብሪታንያ ለሚመጣ ሰፋሪ ይሁን ብሎ የተከራከረው ቺቸስተር ነው! ለንደን አልሰማችውም። እሱም ቢሆን አልከፋው ይሆናል፤ ኦዶኸርቲ የሚባለው አይሪሽ መስፍን በ1608 አምጾ ሲገደል ኢኒሾወን የሚባለውን ሰፊ መሬቱን የወሰደው ማን ሆነና።

ካሪክፈርገስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቃብሩ አለ። እሱና ባለቤቱ ሌቲስ ተንበርክከው ተቀርጸዋል፣ መሃላቸው በሕፃንነቱ የሞተው አንድ ልጃቸው። በ1625 ሲሞት ያ ሁሉ መሬት ወደ ወንድሙ ወደ ኤድዋርድ ሄደ።

የመንገዱ ስም ይነሳ አልልም። ያ የ1601 ደብዳቤ ግን ከስሙ ሥር ይጻፍ። ሙሉውን፣ ሳይለዝብ።