ዋ! ስለ ዋ-ዋ ፔዳል

ፒያሳ የለመድነው ቡና ቤት ከፈረሰ ወዲህ የምንሰበሰበው አራት ኪሎ ነው፤ ከሐውልቱ ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ማኪያቶ ቤት። ቅዳሜ ዕለት አራት ነበርን። እኔ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሠርግ ባንድ ውስጥ ጊታር የተጫወቱ ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ አንድ ባንክ የሚሠራ ወዳጃችን፣ እና ነገሩን ይዞ የመጣው ልጅ።

ልጁ ጊታር ከያዘ ገና ዓመቱ ነው። አክስቱ ከዋሽንግተን ልትመጣ ነው፤ ሻንጣዋ ውስጥ የአንድ ጥንድ ጫማ ቦታ ትታለታለች። ዋ-ዋ ፔዳል፣ የጊታርን ድምፅ በእግር እየረገጡ የሚለዋውጡበትን ዕቃ፣ ሊያስመጣ ፈልጓል። በስልክ «ዋ-ዋ አምጪልኝ» ሲላት «ምን አጠፋሁ ብለህ ነው ዋ የምትለኝ?» አለችው አሉ።

«ጋሼ፣ የትኛው ይሻለኛል?»

ጋሼ ለማሰብም አልቆሙ። «ክራይ ቤቢ። ተራውን፣ ጂሲቢ 95ን።» ክራይ ቤቢ የታወቀ የዋ-ዋ ስም ነው።

ባንከኛው ሳቀ። «ተራውን? በዚህ ዘመን?» ስልኩን አውጥቶ ከክራይ ቤቢዎቹ 535ኪው የሚባለውን አሳየን። ስድስት ቦታ ያለው የሬንጅ፣ ማለትም የድምፅ ክልል፣ መምረጫ አለው። ድምፁን የሚያሾልና የሚያለዝብ ኪው የሚሉት ማዞሪያ አለው። ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ቡስትም አለው። «ልጁ ሲያድግ አብሮት ያድጋል» አለ። ዋጋው ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ የተናገረው ግን ድምፁን ቀንሶ ነው፤ ያው የብድር ወለድ እንደሚናገረው።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም።»

እዚህ ላይ ዳር ቆሜ እንዳልነበርኩ ልናገር። ይህ ባንከኛ ወዳጄ ቤቱ ውስጥ ባለ ስክሪን መልቲ ኢፌክት፣ የብዙ ፔዳል ሥራ በአንድ ሣጥን የያዘ ዕቃ፣ አለው። ከገዛው ሁለት ዓመቱ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ላስቲክ አልተላጠም። ጊታሩ ደግሞ አንድ ክር ጎድሎት ከቁም ሳጥኑ ኋላ ቆሟል። ስለ ፔዳል ያየው ቪዲዮ ብዛት ግን፣ ያንን ሰዓት ቢለማመድበት ዛሬ ባንክ ባልሠራ።

ዋ-ዋን ለማስረዳት የእኛው ፊደል ይበቃል። ተረከዝ ሲወርድ «ዉ» ይላል፣ የእግር ጣት ሲወርድ «ዋ»። ካዕብና ራብዕ ነው ነገሩ። ከእግርህ ስር ያለው ማጣሪያ ነው፤ ከጊታሩ ድምፅ ጠባብ ክልል መርጦ ያጎላል፣ እግርህ ሲንቀሳቀስ ያ ክልል ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ይሄዳል። አፋችን አናባቢ የሚያወጣውም በዚህ ዓይነት ነው። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ነው። ቶማስ ኦርጋን ኩባንያ ውስጥ ብራድ ፕለንኬት የሚባል መሐንዲስ የአምፕሊፋየር ውድ ማብሪያ በርካሽ ማዞሪያ ሊተካ ሲሞክር ነው ድምፁ የመጣው። ከዚያ የኦርጋን ቮልዩም ፔዳል ውስጥ ከተቱት። እንግዲህ ዕቃው ራሱ የተወለደው ከቁጠባ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባስቀረጻቸው ሥራዎች ላይ ዋ-ዋ ጊታር ይሰማል። ያኔ ስድስት ሬንጅ የጠየቀ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ስናገር ባንከኛው ስልኩን ይነካካል።

ጋሼ ግን ከወንበራቸው ስር ፌስታል አነሱ። የራሳቸውን ፔዳል ይዘው መጥተዋል! ጥቁሩ ቀለም ጫማ በሚያርፍበት በኩል ተልጦ ብረቱ ወጥቷል። ገለበጡትና አራቱን የጎማ እግሮች በካቻቪቴ ፈቱ። ክዳኑ ሲነሳ ልጁ አንገቱን አሰገገ። ያሰበውን ያህል ነገር የለም። ትንሽ ሰሌዳ፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ድንጋይ፣ ጥርስ ያላት ቀጭን ዘንግ።

«እያት» አሉት፣ ፔዳሉን በመዳፋቸው ጫን ለቀቅ እያደረጉ። «እግርህ ይቺን ዘንግ ይገፋታል፣ ጥርሷ ማዞሪያውን ታዞረዋለች። አለቀ። ማብሪያው ከጣትህ በታች ነው፤ ቀጭ እስኪል ካልረገጥከው አይበራም። ተጫውተህ ስትጨርስ ደግሞ የጊታሩን ገመድ ንቀለው፤ ተሰክቶ ካደረ ድንጋዩን ይጨርሰዋል።»

ባንከኛው ያኔ ነው አንድ እውነት የተናገረው። ማዞሪያው አቧራ ሲገባበት ይንኮሻኮሻል፤ ሞርሊ የሚባለው ሌላ ዋ-ዋ ግን በብርሃን ስለሚሠራ ይህ ችግር የለበትም። አዲስ አበባ ደግሞ አቧራ አናጣም። ተራው ክራይ ቤቢ ሳይበራም ከጊታሩ ድምፅ ትንሽ ይበላል። ልክ ነው። ግን ጊታር ከያዘ ገና ዓመቱ የሆነ ልጅ የሚበላበት ምን ድምፅ አለው?

«ማጽጃ ይነፋበታል» አሉ ጋሼ። «በድንጋይ ፈንታ ከግድግዳ የሚሰካው አዳፕተርስ?» አልኩ እኔ ለባንከኛው። ዝም። ስድስቱን ሬንጅ ያወቀ ሰው የግድግዳችንን 220 ቮልት ረስቶታል። እኔ አልረሳሁትም። አንድ ጊዜ ከአሜሪካ የመጣ ባለ 120 አዳፕተር ቀጥታ ሰክቼ፣ ሳሎኑ የተቃጠለ ላስቲክ ሲሸት እናቴ ወጥ ያረረ መስሏት ወደ ማድ ቤት ሮጣለች።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉ ጋሼ፣ አሁን እኔንም እያዩ። ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ ተረቱ ከአፌ አልወጣ አለ። ከተማው ሁሉ ጠምጥሟል። ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ ትገባለህ፤ ሊፍቱ ቆሟል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውሃ በባልዲ ይቀዳል። «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» የሚል ካርድ ይሰጥሃል፤ ሠራተኞቹ እሱና ወንድሙ ናቸው። ጋሼን ሠርግ የሚጠራቸው ጠፍቷል፤ በእሳቸው ቦታ አንድ ላፕቶፕ ተቀምጦ ጎኑ ጥቁር መነጽር ያደረገ ልጅ ይወዛወዛል። ያንን ልጅ አልወቅስም፣ ከፋዩን ነው እንጂ። የእህቴ ልጅ እንኳ ባለፈው ሰኔ ከኬጂ ተመረቀ። ጋዋን ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ የተነሳው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። ካዕቡን ከሣልሱ አሁንም ያምታታል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብል እህቴ ታኮርፋለች፤ ለጋዋኑ ኪራይ የከፈልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሒሳቡን ባንከኛው ከፈለ። በዚህ አይታማም። አክስትየው ሐሙስ ትገባለች፤ ልጁ ተራውን አዟታል። አዳፕተሩን እዚያው ተይው በላት ብዬዋለሁ።