እንግዳ ሲመጣ የሚደበቅ ምስር

ምግብም እንደ ሰው ማዕረግ አለው። ስጋ ሊቀመንበር ነው፤ የትም ገበታ ላይ መሃሉን ይይዛል። ዶሮ ምክትሉ ነው። ጎመን ጥግ ይሰጠዋል፤ እሱም ሳህኑ ባዶ እንዳይመስል ነው። ምስርና ባቄላ ግን ስብሰባው ላይ ጭራሽ አይጠሩም። በር ሲንኳኳ መጀመሪያ የሚደበቁት እነሱ ናቸው።

ይህን ትዕይንት ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ምሳው ምስር ነው። ድስቱ ምድጃ ላይ ይንተከተካል። ድንገት ስልክ ይጮኻል። «እዚሁ አካባቢ ነኝ፣ ላያችሁ ብዬ ነው!» የቤቷ እመቤት «ና እንጂ፣ ምን ገዶን!» ትልና ስልኩን ዘግታ እሳቱን ታጠፋለች። ክዳን ትደፋበትና ድስቱን ወደ ጓዳ ታስገባለች። መስኮት ይከፈታል። ትንሹ ልጅ «እማዬ፣ ምስሩስ?» ሲል በዓይኗ ዝም ታሰኘዋለች። ከዚያ ሁሉም እንግዳው ፊት ተሰልፎ፣ በጥድፊያ የተጠበሰ ደረቅ ስጋ በመከራ ያላምጣል። እንግዳው ደግሞ ሽታው ከጓዳ መጥቶበት ምራቁን ይውጣል። እሱም ቤቱ ትቶት የመጣው ምስር ነው። ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

እስቲ የተደበቀውን ሰውዬ መታወቂያ እንየው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። 15 ግራም ያህል ደግሞ ፋይበር፣ ማለትም አንጀታችን ፈጭቶ የማይጨርሰው የዕፅዋት ክፍል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ያግኝ ይላል። ከግማሽ በላዩ ጓዳ ተቆልፎበታል ማለት ነው። ሊቀመንበሩስ ስንት ፋይበር አለው? ዜሮ። ምክትሉም ዜሮ። እንቁላልና ወተትም ያው ናቸው።

የፋይበር ችግሩ ሥራው ለወሬ አለመመቸቱ ነው። አንዱ ዓይነት አንጀት ውስጥ ውሃ ይዞ ይወፍርና ሐሞት ይዞ ይወጣል። ጉበት የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል። ኮሌስትሮሉም ይቀንሳል። ስኳር ወደ ደም የሚገባው እየተግደረደረ፣ ቀስ እያለ ይሆናል። የተረፈውን ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይቃመሱታል። ይህንን ሁሉ እንግዳ ፊት ማውራት ነውር ነው። ስለ ስጋ ግን አጥንቱ እስኪግጥ ድረስ ማውራት ይቻላል። ማዕረግ የሚሰጠው እንግዲህ እንዲህ ነው።

በማዕረግ የተነሳ ሰው ሞቷል ብላችሁ ታምናላችሁ? ሩዝ ሲፈተግ ነጭ ይሆናል። ነጭ ሩዝ ያምራል፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያስከብራል። ችግሩ ሲፈተግ የሚወልቀው ቡናማ ሽፋን ላይ ቫይታሚን ቢ1 አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስያ ውስጥ ነጭ ሩዝ ዋና ምግባቸው የሆነ ወታደሮችና እስረኞች ቤሪቤሪ በሚባል በሽታ እግራቸው እየሰለለ፣ ልባቸው እየደከመ ይሞቱ ነበር። ሐኪሞቹ በዘመኑ ፋሽን መሠረት ተጠያቂው ጀርም ነው ብለው ያንን ጀርም ያስሱ ገቡ።

ከአሳሾቹ አንዱ ጃቫ በምትባለው የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ደሴት ላይ ይሠራ የነበረው ሆላንዳዊው ሐኪም ክርስቲያን አይክማን ነበር። ለምርምር የሚያረባቸው ዶሮዎች እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ እግራቸው ይሰልልባቸው ጀመር። ሰውየው መርፌና ማይክሮስኮፕ ይዞ ሲዋከብ ዶሮዎቹ በራሳቸው ጊዜ ዳኑ። ነገሩ ሲጣራ ለካ ዶሮዎቹ የሚበሉት ከወታደራዊው ሆስፒታል ኩሽና የሚተርፈውን ነጭ ሩዝ ኖሯል። በመሃል የኩሽናው ኃላፊ ይቀየራል። አዲሱ ሰውዬ «የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም!» ብሎ ከለከለ። ዶሮዎቹ ወደ ተራው፣ ወዳልተፈተገው ሩዝ ወረዱ። ዳኑ።

ለዚህ ሰውዬ ስሙ ቢገኝ ሐውልት ባቆምኩለት። በቢሮክራሲ ታሪክ በግትርነቱ ሕይወት ያተረፈ ሌላ የኩሽና ኃላፊ አላውቅም። አይክማን ራሱ መጀመሪያ ላይ ነጩ ሩዝ ውስጥ መርዝ አለ ብሎ ነበር ያሰበው። እ.ኤ.አ. በ1901 ሥራውን የቀጠለው ጌሪት ግራይንስ ነው ነገሩን ያቃናው፤ መርዝ ስላለ ሳይሆን የሚያስፈልግ ነገር ስለጎደለ ነው አለ። የኖቤል ሽልማቱን እ.ኤ.አ. በ1929 አይክማን ወሰደው። ግራይንስ ምንም አልደረሰውም፣ ዶሮዎቹም እንደዚሁ።

አሁን ታዲያ ዘመን ተገለበጠ። ትናንት ለከብት ይጣል የነበረው ፉርሽካ ዛሬ በሚያምር ማሰሮ ታሽጎ፣ ቅጠል ተስሎበት መደርደሪያ ላይ ተኮፍሷል። ቡናማ ዳቦ የተማረ ሰው ምግብ ሆኗል። የተናቀ ጥራጥሬ ዱቄት ሆኖ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ስሙን ቀይሮ ሲመጣ ቆመን እንቀበለዋለን። ያው ባቄላ ነው እኮ! ግን አሁን ፎቶ ይነሳል።

በየመሥሪያ ቤቱም አንድ አዲስ የዳነ ሰው አይጠፋም። ስኳር ካቆመ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ጠዋት አረንጓዴ ነገር በጠርሙስ ይዞ ይገባል። ማንም ሳይጠይቀው «ዲቶክስ ነው» ይላል። (መርዝ የሚያጣራ ጉበትና ኩላሊት ያለ ክፍያ ቀን ከሌት ሲሠሩለት እንደኖሩ የነገረው የለም።) ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ቅጠል ስፒናችና አራት ፖም አለ። ፖሙን ጨምቆ አጥልሎታል። ፋይበሩ ቆሻሻ ቅርጫት፣ ስኳሩ ጠርሙስ ገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ የተጨመቀ የፍራፍሬ ስኳር ይቀነስ ከሚላቸው ስኳሮች ጋር ነው የሚቆጥረው። ፖሙን ዝም ብሎ ቢገምጠው ይሻለው ነበር። ግን ፖም መግመጥ ማን ያይለታል?

ምሳ ሰዓት ላይ ስብከቱ ይቀጥላል። «አሁንም ይሄን ትበላላችሁ?» ይላል፣ የሰው ሳህን ውስጥ አንገቱን አስገብቶ። ከዚያ ስለ ስፒናች ብረት ማዕድን ያብራራል። ብረቱስ እውነት አለ። ግን ከዕፅዋት የሚገኝ ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። ሎሚ ሲጨመቅበት ወይም ከቃሪያና ከቲማቲም ጋር ሲበላ ቫይታሚን ሲው ያግዘዋል። ሻይና ቡና ደግሞ ያግዱታል። ሰባኪያችን ስለ ብረቱ እያብራራ፣ ስፒናቹን በጥቁር ሻይ እያወራረደ ነው። ዝም አልነው። የሰው ደስታ ላይ ውሃ መቸለስ ጥሩ አይደለም፤ ሻይ መቸለሱ ይበቃዋል።

ካሮትም እንደዚሁ ባልዋለበት ይወደሳል። መነጽር ያደረገ ልጅ ባለበት ቤት ካሮት የምትልጥ አክስት አትጠፋም። «ብላ፣ ዓይንህ ይበራል!» ነገሩ ሥር የለውም ማለት አይደለም። ካሮት ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ሰውነት ውስጥ ቫይታሚን ኤ ይሆናል። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ሰው ሲመሽ አያይም፤ ለእሱ ካሮት መድኃኒት ነው። ያልጎደለው ግን ከረጢት ሙሉ ቢበላ መነጽሩን አይጥልም። መዳፉ ብርቱካንማ ቢሆን ነው። ዝናው የተጋነነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሌሊት የጠላት አውሮፕላን እየለቀመ ሲጥል፣ «የድመት ዓይን» የተባለው አብራሪ ጆን ከኒንግሃም ካሮት ስለሚበላ ነው ተብሎ ተወራ። እውነተኛው ምክንያት አውሮፕላኑ ላይ የተገጠመው ራዳር ነበር፤ እሱ ደግሞ ምስጢር ነው። ጠላት አመነም አላመነ፣ አክስቶች ግን እስከ ዛሬ አምነዋል።

የጎረቤት ሐኪሞችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው «ቅጠል ለደም ጥሩ ነው» ተብሎ ድንገት ጎመን ቢያበዛ፣ የጎመኑ ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ያዳክምበታል። ከእንስሳ ተዋጽኦ ጨርሶ የራቀም ሰው ቫይታሚን ቢ12 ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት፤ ዕፅዋት ላይ አስተማማኝ ሆኖ አይገኝም። ይህን የምትሰሙት ከሐኪም ይሁን፣ ከባለ ጠርሙሱ አይሁን።

የተቀረው ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይበላ ይላል። ጥራጥሬውና ለውዙም ይጨመር። ድንች ግን ከ400ው ውስጥ አይቆጠርም። ይህን ስነግረው አንድ ወዳጄ የድንች ጥብሱን ሳህን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ «እንግዲያው ይሄ እንደ ዕረፍት ይያዝልኝ» አለ።

ባቄላን ሰው የሚሸሽበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይናገረውም። ባቄላ ውስጥ ራፊኖስን የመሰሉ ስኳሮች አሉ። ትንሹ አንጀት አይፈጫቸውም። ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያዎቹ ግብዣ ይሆንላቸዋል፤ የግብዣው ጭስ ጋዝ ነው። ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ይቀንሰዋል። ለጀማሪም ትንሽ ትንሽ እያሉ መጨመር ይሻላል። አንጀት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይለምደዋል፣ ቤተሰብም ይለምዳል። እስከዚያው ድረስ ከሊፍቱ ይልቅ ደረጃውን ተጠቀሙ። ማንም ቢጠይቃችሁ «ለጤናዬ ነው» በሉ።