የማገዶ ሒሳብ ሹም

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ጥፋት ሠራሁ። ደብተር ገዛሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችንን የሚያሞቀው የእንጨት ምድጃ ነው። የብርዱ ወራት ባለቀ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ለከርሞ ስንት እንጨት እንግዛ?» እኔ «እንደ አምናው» እላለሁ። ባለቤቴ «አምና ስንት ነበር?» ትላለች። ሁለታችንም ባዶውን የእንጨት መጠለያ እናያለን። እኔ «እስከዚህ ድረስ ነበር» ብዬ ደረቴን እነካለሁ። እሷ «ኧረ እስከዚህ ነበር!» ብላ አገጯን ትነካለች። ክርክሩ ይቀጥላል። የኔ ደረትና የሷ አገጭ አንድ ቁመት ላይ መሆናቸው የገባኝ ቆይቶ ነው። ለካ ዓመታት ሙሉ የተጨቃጨቅነው ተስማምተን ነው።

ደብተሩን ምድጃው አጠገብ በምስማር ሰቀልኩት። እርሳሱን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ሕጉንም አወጅኩ፦ ማንም ሰው አንድ ፍልጥ ምድጃ ውስጥ ከከተተ አንድ መስመር ያሰምራል።

በመጀመሪያው ሳምንት 212 መስመር ተሰመረ። ደነገጥኩ። ቤቱ ነው ወይስ ባቡር ነው የምናነደው? ሳጣራ ትንሿ ልጄ ጭራሮውንም አንድ በአንድ አስምራዋለች። «አባዬ፣ ማንም ይሁን ምን ይሁን ብለሃል» አለችኝ። ሕጉ ላይ «ምን ይሁን» የሚል የለም፤ ግን ልጅቷ ሐቀኛ ስለሆነች ዝም አልኩ። በዚያው ሳምንት ባለቤቴ ደግሞ የተሰበረ ወንበር እግር ጨምራ አንድ መስመር አስምራለች። ይሄ ማገዶ አይደለም ብል «እሳት ካየው ምን ለየው» ብላ ዘጋችኝ።

በፍልጥ መቁጠር እንደማያዋጣ ያኔ ገባኝ። አንዱ ፍልጥ እንደ ጣት ቀጭን፣ ሌላው እንደ ጭን ወፍራም ነው። ስለዚህ ወደ ሚዛን ዞርኩ። ፍልጡን ታቅፌ ሰውነታችንን የምንመዝንበት ሚዛን ላይ እወጣለሁ፤ ከዚያ የራሴን ክብደት እቀንሳለሁ። (የራሴ ክብደትም በዚያ ክረምት አልጠበቀልኝም፤ እሱን ግን ሌላ ደብተር ይቁጠረው።) ኪሎ መቁጠር መጥፎ አይደለም። ወይራም ሆነ ጥድ፣ እኩል ከደረቁ ከአንድ ኪሎ የሚገኘው ሙቀት ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ወይራው ክብድ ስለሚል ኪሎው ትንሽ ቦታ መያዙ ነው።

ችግሩ «እኩል ከደረቁ» የምትለዋ ነች። ሻጩ እንጨቱ ደረቅ መሆኑን ምሎ ነበር የሰጠኝ። ሁለት መርፌ ያላት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዛሁና ላዩ ላይ ሰካኋት። 17 በመቶ! ጎሽ። ጥሩ እንጨት 20 በመቶና ከዚያ በታች ነው ይባላል። በኋላ ሳነብ ግን ለካ ፍልጡ እንደገና ተፈልጦ ውስጡ ነው የሚለካው። ፈልጬ ለካሁ፤ 32። ለካ ስመዝን የከረምኩት ውሃም ጭምር ነው። በደንብ የደረቀ እንጨት በኪሎ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። የክብደቱ ግማሽ ውሃ ከሆነ ግን ከ2 ብዙም አያልፍም። ግማሹ ኪሎ መጀመሪያውኑ እንጨት አይደለም፤ ከሌላው ግማሽ ከሚገኘው ሙቀትም ጥቂቱ ውሃውን ለማትነን ይውላል። በዚያ ላይ ጭስ ማውጫው ውስጥ ሬንጅ የመሰለ ጥላሸት ይጋገራል፤ አንድ ቀን ራሱ እሳት ይይዛል።

በሁለተኛው ዓመት በሜትር ኩብ መቁጠር ጀመርኩ። ይህ የተከበረ መንገድ ነው። ፈረንሳዮች በ1795 የሜትር ሥርዓትን ሲያወጡ ለማገዶ ብቻ የሚሆን ስም ሳይቀር ሰጥተውታል፤ ስቴር። የተደረደረ እንጨት፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር። አሜሪካኖች ደግሞ በኮርድ ነው የሚቆጥሩት፤ 128 ኪዩቢክ ጫማ፣ 3.6 ሜትር ኩብ ገደማ። ሁለቱም የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ በፍልጦቹ መሃል ያለው ክፍተት አብሮ ይቆጠራል። ሲሶ ገደማ አየር ነው የምንገዛው። አየር ስመዘግብ ግን እንደ ውሃው አልተናደድኩም። ለምዶብኛል መሰለኝ።

ጎረቤቴም ይቆጥራል። እንዲያውም እሱ ባይቆጥር ኖሮ እኔ ይህን ያህል አልታመምም ነበር።

«ስንት ደረስክ?» ይለኛል ከአጥሩ ወዲያ።

«4 ሜትር ኩብ።»

«አይይ! እኔ 6 ገዝቼ ገና ግማሹን ነው የነካሁት።»

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት መልሱን አገኘሁት። እሱ የሚቆጥረው ከመኪና ላይ ተገልብጦ የተዘረገፈውን ነው። የተዘረገፈ እንጨት በሥርዓት ሲደረደር ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። የሱ 6 በኔ ቋንቋ 4 ነው! ሮጬ ሄጄ ነገርኩት። ረጋ ብሎ አሰበና «እሺ፣ ታዲያ ግማሹ ስንት ይሆናል?» አለኝ። 2። ለካ የሱን ሒሳብ ባቃናሁለት ቁጥር እኔው ነኝ የምጋለጠው። ከ3 ወደ 2 አወረድኩለት። ከሳምንት በኋላ ቤቱ ስገባ ምስጢሩ ተገለጠልኝ። ሳሎኑ ውስጥ ካፖርት ለብሶ፣ ኮፍያ ደፍቶ ተቀምጧል። «ግባ፣ ግባ» ሲለኝ ትንፋሹ ይታያል።

በሦስተኛው ዓመት ከአምናው 1 ሜትር ኩብ አስበለጥን። ቤተሰቡን ሰብስቤ ስለ ብክነት ንግግር አደረግሁ። አማቴም ሊጠይቁን መጥተው ነበር። «ልጄ፣ ከሰው እንጨት በለጠብህ?» ብለው ዓይኔ እያየ ሁለት ፍልጥ ጨመሩ። «ኧረ ይሙቁ እማማ!» አልኳቸው፤ እርሳሴን ግን ከጆሮዬ አወረድኩ። ባለቤቴ ያኔ ነው የተናገረችው። «አንተ የቆጠርከው እንጨቱን ነው። ብርዱን ማን ይቁጠረው?»

እውነቷን ነው። ለዚህም መላ አለው፤ ዲግሪ ቀን ይሉታል። ከ18 ዲግሪ ላይ የዕለቱን አማካይ የውጭ ሙቀት መቀነስ ነው። ውጭው 3 ከሆነ የዚያ ቀን ብርድ 15 ነው። የክረምቱን ሁሉ ደምሬ እንጨቱን ለብርዱ ሳካፍለው፣ ለካ በዚያ ዓመት በአንድ ዲግሪ ቀን ያነደድነው ከአምናው ያንሳል። ቆጥበናል ማለት ነው! ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። ደብተሩ ላይ የይቅርታ ዓምድ ስለሌለ አለፍኩት።

ዘንድሮ አሠራሩን አቀለልኩት። መለኪያችን ቅርጫት ሆነ። 20 ቅርጫት 1 ሜትር ኩብ ነው፤ አንዱ 15 ፍልጥ ይይዛል። ቅርጫት ሲሞላ አንድ መስመር። በቃ። የብርዱ ወራት ሲያልቅ ደብተሩን ዘጋሁና መጠለያውን ለካሁ። ደብተሩ 6 ሜትር ኩብ ነደደ ይላል። ከመጠለያው የጎደለው 6 ተኩል ነው።

10 ቅርጫት የት ገባ?

ጎረቤቴን ጠረጠርኩ፤ ግን ቤቱ እንደዚያ እየበረደው ሌባ ነው ማለት ይከብዳል። አማቴን ጠረጠርኩ፤ ጮክ ብዬ ግን አልተናገርኩም። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል ብዬም ተከራከርኩ። «በራስህ መለኪያ 15 በመቶ ብለህ አይደል ያስገባኸው?» አለችኝ ባለቤቴ። አመዱን እመዝናለሁ ብዬም ተነሳሁ፤ ግን ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚቀረው አመድ 1 ኪሎ እንኳ ሞላ አይሞላም፤ እኛ ደግሞ ስንደፋው ነው የከረምነው። በመጨረሻ ሁሉንም ሳሎን ሰብስቤ «የወሰደ ይናገር» አልኩ።

ትንሿ ልጄ ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። አንድ ቀጭን ደብተር ይዛ ወጣች። ላዩ ላይ «አባዬ ሌሊት» ይላል። 75 ሌሊት፤ በየሌሊቱ ሁለት ሁለት መስመር። ሁሉም ሲተኛ ተነስቼ፣ ብርዱ ደብተር ስለማያስከፍት፣ ከመጠለያው ሁለት ፍልጥ አምጥቼ ከትቼ ስመለስ የክፍሏ በር ገርበብ እያለ ኖሯል። ባለቤቴ ጣቷን እያጠፈች አባዛችው። 150 ፍልጥ። 10 ቅርጫት። አንዲት አልጎደለችም።

ማንም አልሳቀም፤ ያ ነው የባሰብኝ። ባለቤቴ ተጠጋችና እርሳሱን ከጆሮዬ ላይ በቀስታ አነሳችው። አሁን ልጅቷ ጆሮ ላይ ነው ያለው።