ሮቦት እግር ሽባነትን አያድንም

ወንድሜ፣ ቡሬ ላሉት፣ እግራቸው ሽባ ለሆነው አጎትህ "ሮቦቱን ከለበሱ እንደ ድሮው ይሄዳሉ፣ በሬም ሸጠን እንገዛለን" ያልከው ልክ አይደለም። እባክህ ቸኩላችሁ በሬውን እንዳትሸጡ። እግር ላይ የሚለበሰው ይህ መሣሪያ የተጎዳ ሕብለ ሰረሰርን (በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈውን ዋና ነርቭ) አያድንም፤ ዳሌና ጉልበትን በሞተር ያንቀሳቅሳል፣ ሲያወልቁት እግሩ ያው ነው። ሐሳብም አያነብም። ለምሳሌ በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለቤት አገልግሎት የተፈቀደው ሪዎክ የተባለ የሚለበስ ሮቦት አንድ እርምጃ የሚሄደው ሰውየው ደረቱን ትንሽ ወደ ፊት ሲያዘነብልና ሴንሰሩ ይህን ሲያውቅ ነው፣ ሚዛኑን የሚጠብቀው ግን ራሱ ሰውየው በሁለት ክራንች ተደግፎ ነው። ክንድ ካልጠነከረ አይሆንም። ራሱም ሽባ የሆነው ፈጣሪው አሚት ጎፈር እንኳ ጉዳቱ እጆቹንም ስለነካ ሪዎክን መጠቀም አልቻለም! የቡሬ የክረምት ጭቃ ላይማ ጭራሽ አይታሰብም። መጀመሪያ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ወስዳችሁ ሐኪምና ፊዚዮቴራፒስት ይያቸው፤ ጉዳቱ የት ላይ እንደሆነ፣ ክንዳቸውና አጥንታቸው ምን ያህል እንደሚችል ይመርመር።